ለአንድ ሌሊት፣ አንድ ሰው

ስልኩ ሲጮህ ቀትር ነበር፤ ጉማሬው ከሉዋንግዋ ገብቶ፣
ዝንጀሮ የእንግዶቹን ስኳር ዘርፎ ጣራ ላይ ወጥቶ፤
እኔ ከመዝገቡ ፊት፣ እርሳሴ ጆሮዬ ላይ፣
የነሐሴን አልጋዎች በስም በስም ስለይ።
«ክፍል ፈልጌ ነበር» አለ የወንድ ድምፅ ከሩቅ፣
ከጀርባው ረዳት ሲጣራ፣ ዶሮ ሲንጫጫ፣ ሰው ሲስቅ።
«ዮታሙ እባላለሁ፤ ከቺፓታ ነው የምደውል፤
ለእናቴ ነው፣ ለአንድ ሌሊት፤ ‹ከሁመሩ ሥር› ነው የምትል።»

ከሁመሩ ሥር ያለው አምስተኛው ክፍል ነው፤
ከሁሉ የሚወደደው፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚያዘው።

ቅጹን አወጣሁ። ቅጹ ደግሞ ሁሉን ይጠይቃል፦
ስንት ሰው? ስንት ሌሊት? ሥጋ ይበላሉ? አንድ አጎበር ይበቃል?
የውጭ ዜጋ ወይስ ያገር ሰው? የመጡበት ምክንያት?
እዚህ ላይ ዝም አለ። እናቱን ከጎኑ ሰማኋት፦
«ምክንያት? ምን ምክንያት አለው ሰው ሲገባ ከእናቱ ቤት?»

ስልኩን ተቀበለችው፤ ድምጿ የበቆሎ ገለባ፣
ይንኮሻኮሻል እንጂ አልነበረበት እንባ።
«ዘሊፓ ነኝ። የማን ልጅ ነሽ?» የአባቴን ስም ጠራሁ።
«እ! የዚያ ዓሣ አጥማጅ? አያቱን አውቃለሁ፤
ከእኛ ደጅ በስተቀኝ ነበር ያጥራቸው በር፤
በአንድ መኪና ነው የጫኑን፣ ያኔ መንግሥት ሲያባርር።
ሰባት ዓመቴ ነበር። ‹ምድሩ ለአውሬ ነው› ተባለ፤
ወፍጮው ድንጋይ ከበደ፣ ሹፌሩ ‹ተዉት› አለ።
ድመቴ ጎተራ ሥር ገብታ አልወጣም ብላ ቀረች፤
እናቴ ‹ነገ እንመጣለን› አለችኝ፤ ሌላ ቀዬ ሞተች።
እንግዲህ ያ ነገ ደርሷል። ልጄ፣ ዋጋው ስንት?»

ነገርኳት፤ ለነዋሪ ቀንሼ፣ ሁለት በሬ ለአንድ ሌሊት።
«ሁለት በሬ!» ብላ ሳቀች፣ እንደሚስቁት ገበያ
ዋጋ ሲሰቀል። «ለገዛ ደጄ? በይ እሺ፣ ጻፊያ!»

አምስተኛው ተይዞ ነበር፣ ባልና ሚስት ከስዊድን፤
ላጲስ አነሳሁና ወደ ሁለት አሻገርኩ ስማቸውን፤
«ጣራው የሌሊት ወፍ አለው» ብዬ ጻፍኩላቸው ምክንያቱን።
ሁሉም ጣራ የሌሊት ወፍ አለው። አልዋሸሁም።

በነሐሴ ማለቂያ መጣች፣ በብስክሌት ኋላ ተፈናጥጣ፣
ቀይ ሻርፕ፣ አንድ ፌስታል ብቻ፣ አቧራ እንደ ዱቄት ተቀብታ።
ካሉባ ጠመንጃውን አንግቶ ሕጉን አነበበላት፦
«ከመሸ ያለ እኔ ከክፍል መውጣት ክልክል ነው፣ እናት።»
«ጉማሬው መንገዱን ቀይሯል?»
«የለም፣ ያው በሁመሩ ሥር ነው።»
«እንግዲያ እኛ እንተዋወቃለን፤ አንተ ነህ አዲስ ሰው።»

አልጋው ላይ አልተኛችም፤ ነጩን አንሶላ ዳሰሰችና ተወች፤
ወንበሯን በረንዳ አውጥታ ወደ ዛፉ ተቀመጠች።
ፋኖስ ላደርስ ሄጄ ሳልናገር አጠገቧ ቆምኩ።
ጅብ ከማዶ ጮኸ። ጉማሬው ሣር ሲነጭ ሰማሁ።
በጣቷ ጨለማውን ከፈለችው፦ «እዚህ ጎተራው ነበር፤
ያ ጉብታ ታናሼ ነው፤ ስም ሳይወጣለት የሄደ፣ ያን ዓመት ዝናብ ሲጀምር።»

በዚያ ጉብታ ላይ ነው ጠረጴዛ የምንዘረጋ፣
እንግዳ መጠጥ ይዞ ጀምበር ስትጠልቅ ሊያይ ሲጠጋ።
አልነገርኳትም።

ጠዋት ሻይ ይዤ ስሄድ አልጋው እንደ ተነጠፈ፣
በረንዳው ተጠርጎ ቅጠሉ ጥግ ላይ ተሰልፎ አረፈ፤
ፌስታሉ የሁመር ፍሬ ሞልቶ አፉ ተቋጥሯል።
«ከግቢው ቅጠል እንኳ አይወጣም» ይላል ሕጉ፣ በሩ ላይ ተለጥፏል፤
ካሉባ ፌስታሉን አየ፤ ወደ ወንዙም ዞረና፣
«ዛሬ ዓዞ በዝቷል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ቆየና።

መዝገቡን ከፈትኩላት። «ከየት መጡ?» የሚል አለ ዓምድ።
ጣቷን ቀለም አስነከረች፤ እኔን «‹ከዚህ› በዪ» አለችኝ፣ በግድ።
ብስክሌቱ ሲርቅ አየሁት፣ ቀዩ ሻርፕ እስኪያንስ ድረስ፤
ባለቀ ወር አለቃዬ ጠራኝ፣ ሒሳቡን ሊጨርስ፦
«አምስተኛው ክፍል ያለችው፣ የመውጫ ቀን የላትም። ወጥታለች?» አለኝ።
እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ፈለግሁ።
ስልኩ ጮኸ፤ አነሳሁት።